አምስት ወር የታጠበ ጫማ

እትዬ ሂሳኖ የሰው ፊት ማየት አይወዱም ነበር። ሲያናግሩኝ እንኳ ዓይናቸው እግሬ ላይ ነው። በወደብ ከተማዋ በካሞሳኪ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤ የሄድኩ ሰሞን ይህ ነገራቸው ዓይን አፋርነት መስሎኝ ነበር። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ወር አልሞላኝም፤ ስለ ልጆች ሥነ ልቦና ሁለት ኮርስ ወስጄ ሁለቱንም በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። እሳቸው ደግሞ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ጠዋት ቤቱን የሚያሞቀውን ቦይለር ያቀጣጥላሉ፣ በረዶ ይዝቃሉ፣ ሣር ያጭዳሉ፣ እግሩ የተነቃነቀ ወንበር በምስማር ይመታሉ፣ ለመምህራኑ ሻይ ያፈላሉ። ከእኔና ከእሳቸው ልጆቹን የሚያውቃቸው ማን ነው ብባል፣ መልሱ ግልጽ ይመስለኝ ነበር።

ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። እኔም ጡረታዬ እየቀረበ ነው። ዛሬም ቢሆን የማላውቀው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው በሩ ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች ነው። ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም።

የትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ለየክፍሉ የእንጨት መደርደሪያ አለ፤ እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተለጠፈበት የራሱ ሳጥን አለው። ልጆቹ ከውጭ ያደረጉትን ጫማ አውልቀው እዚያ ይከቱና ነጩን የቤት ውስጥ ሸራ ጫማቸውን አድርገው ወደ ክፍል ይሮጣሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይደወላል። ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ እትዬ ሂሳኖ አጭር መጥረጊያቸውን ይዘው ይንበረከኩና ልጆቹ ከባሕሩ ዳር በጫማቸው ያመጡትን አሸዋ ይጠርጋሉ። መጥረግ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ እያነበቡ ነው።

«መምህር፣» አሉኝ አንድ ቀን ሻዬን እያስቀመጡ፣ «ጌንታ ቁርስ አይበላም።»

ጌንታ ከክፍሌ ልጆች ሁሉ ጮሌውና ለፍላፊው ነበር። «ነገረዎት እንዴ?»

«ምን ይነግረኛል! ጫማው ነው። ማሰሪያው አይታሰርም፣ ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ነው የሚመጣው። እናቱ ገና ሳይነጋ ዓሣ ማቀነባበሪያው ትገባለች። ከእንቅልፉ ዘሎ ነው የሚወጣው። ዘሎ የሚወጣ ልጅ ደግሞ አይበላም።»

ጌንታን ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁርስ በልቶ አያውቅም ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የአንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ጫማ ውስጥ ውሃ ተሞልቶ አገኙ። ማን እንዳደረገው አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ቦይለሩ ላይ አድርቀው የመውጫው ደወል ሳይደወል ወደ ሳጥኑ መለሱት። ከማግስቱ ጀምሮ ግን፣ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ በየእረፍቱ ከሳጥኑ ፊት ያለችውን ያቺኑ አንድ ሜትር መሬት ደጋግመው ይጠርጉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ውሃ የገባበት ጫማ አልታየም።

«ፊታቸውን ቢያዩ አይቀልዎትም?» አልኳቸው።

«ፊትማ ይታጠባል። ልጅ በሩ ላይ ሲደርስ ፊቱን አሳምሮ ነው የሚገባው። ጫማውን የሚያሳምር ግን የለም።»

የተማሩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ወደቡ ላይ የዓሣ ሆድ ሲከፍቱ አደጉ፤ አግብተው ሁለት ወንድ ልጆች ወለዱ፤ ባላቸውን ባሕር በላው። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ትምህርት ቤቱ ተቀጠሩ፤ እኔ ስደርስ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ነበር። መምህር በአራት ዓመቱ ይዛወራል፣ ዳይሬክተርም እንደዚያው። እሳቸው ግን ወላጆቹን በልጅነታቸው፣ ልጆቹንም በወላጆቻቸው አረማመድ ያውቋቸዋል።

በመስከረም ስለ ናጊሳ ነገሩኝ። ናጊሳ አምስተኛ ክፍል፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ መርከብ ላይ ስለሚሠራ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው ቤቱን የሚያየው። ዝምተኛ ናት፤ እጇን የምታወጣው መልሱን በደንብ ስታውቀው ብቻ ነው።

«የናጊሳ ጫማ ጫፉ ወደ ውጭ ነው፣» አሉኝ እትዬ ሂሳኖ። «ሌሎቹ ወርውረው ይሄዳሉ። እሷ አዙራ፣ አስተካክላ ነው የምታስቀምጠው። እሳት ቢነሳ ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት።»

ሳቅሁ። «ጨዋ ልጅ ናታ! እኛስ ሰው ቤት ስንገባ እንደዚያ አይደል የምናደርገው?»

«ሰው ቤት ስንገባ፣ አዎ። እሷ ግን በየቀኑ የምትውልበት ቤት ነው። ደግሞ ደጁ ላይ ትቆማለች። አሸዋው ላይ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ሁለት ጉድጓድ አለ፣ የሁለት እግር። ሳትገባ ብዙ ትቆማለች።»

«ውጤቷ ጥሩ ነው። ምንም ችግር የለባትም፣» አልኩ።

እትዬ ሂሳኖ እግሬን አይተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በጥቅምት ናጊሳ ሆዷን አመማትና ቀረች። መጀመሪያ አንድ ቀን፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ጭራሽ። ሐኪም አያትና ምንም አላገኘባትም። እናቷ ብትጠይቃት «አላውቅም» አለች። እኔም ብጠይቃት «አላውቅም» አለች፤ ዋሽታ አልነበረም። የሰደባት የለም፣ የመታት የለም። ዛሬም ድረስ ምክንያቱን አላውቀውም።

የክፍላችን ግድግዳ ላይ በትልቁ «ሠላሳ አንድ ልጅ፣ አንድ ልብ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድም ልጅ ሳይቀር የዋለ ቀን ከሥሩ አንድ ቀይ የወረቀት አበባ እንለጥፋለን። የትምህርት ዓመቱ ከሚጀመርበት ከሚያዝያ ጀምሮ ግድግዳው በአበባ ተሞልቶ ነበር። ናጊሳ ስትቀር አበባው ቆመ። ልጆቹ በየቀኑ ያችን ባዶ ቦታ ያዩአታል።

በጊዜው ማንኛውም ደህና መምህር የሚያደርገውን አደረግሁ። ትልቅ ካርቶን አመጣሁና መካከሉ ላይ ፀሐይ ሳልኩ፤ ልጆቹ እየዞሩ በየአቅጣጫው ጻፉበት። «እየጠበቅንሽ ነው።» «ያላንቺ ክፍሉ ባዶ ነው።» ጌንታ ደግሞ «ቶሎ ነይና አበባው ይቀጥል» ብሎ ጻፈ። ካርቶኑን ተሸክሜ ቤቷ ወሰድኩት። እናቷ ደጋግማ እጅ ነሳችኝ፣ አለቀሰችም። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ናጊሳ ካርቶኑን ጽሑፉን ወደ ግድግዳ አዙራ እንዳስቀመጠችው የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በታኅሣሥ፣ በረዶው ከጀመረ በኋላ፣ ልጆቹን አምስት አምስት እያደረግሁ ጠዋት ጠዋት እንዲጠሯት መላክ ጀመርኩ። ስላልወጣች አንድ ሐሙስ ሠላሳውንም አስከትዬ ሄድኩ። በሩ እንደማንኛውም የሰፈሩ ቤት አልተቆለፈም፤ እናቷ ሥራ ገብታለች። መግቢያው ላይ ተጨናንቀን ቆምን፤ ያልበቃው ደጅ ላይ ተሰለፈ።

«ና-ጊ-ሳ! ትምህርት ቤት እን-ሂድ!»

መልስ የለም። ደግመን ጠራን። ሦስተኛ ስንጠራ ፎቁ ላይ አንድ ነገር ኮሽ ያለ መሰለኝ። «በርቱ፣ ሰምታናለች!» አልኳቸው። ትንሽ ጠብቀን ተመለስን።

እናቷ የደወለችው ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። ናጊሳን ከወደቡ ግንብ ጀርባ፣ መረብ የሚቀመጥበት ዳስ ውስጥ አግኝተዋታል። መረብ ተከናንባ ተቀምጣለች። ባዶ እግሯን ነበረች። ያን ሁሉ መንገድ በበረዶ ላይ በባዶ እግሯ ሄዳለች። ሐኪሙ ጥቂት ቆይታ ቢሆን ጣቶቿን ታጣቸው ነበር ብሏል።

ቦይለሩ ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ፤ መምህራኑ ዘንድ መቀመጥ አልቻልኩም። እትዬ ሂሳኖ አካፋቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ገቡ።

«በባዶ እግሯ!» አልኳቸው። «ምን ነክቷት ነው? ጤነኛ ልጅ እንዲህ ያለ በረዶ ላይ…»

«ጫማዋ የት ነበር?»

«ቤቷ ነዋ። በሩ ጋ።»

«እናንተስ የት ነበር የቆማችሁት?»

ዓይኔን ወደ እግሬ ጣልኩ።

«ጫማዋ ላይ ነው የቆምከው፣» አሉ። እስከዚያ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ «አንተ» ብለውኝ አያውቁም። «ሠላሳ ልጅ አስከትለህ የልጅቷ ጫማ ላይ ቆምክ። እሷ በጓሮ ወጣች። ምን አድርጋ ትውጣ? ያንተን ጫማ? ጤነኛ ስለሆነች ነው የሮጠችው።»

ማንቆርቆሪያው ቦይለሩ ላይ ይፈላል። አንስተው ቀዱልኝ።

«ትመለሳለች?» አልኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ዳቦውን ስጠኝ።»

በእኛ ትምህርት ቤት የቀረ ልጅ የምሳ ዳቦው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከዕለቱ የቤት ሥራ ጋር በጎረቤት ልጅ እጅ ይላክለታል። የናጊሳን የሚያደርሰው ጌንታ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ የማደርሰው እኔ ነኝ። ቤቴ በዚያው ነው።»

«ምን ይሏታል?»

«ምንም። ዳቦ ይናገራል እንዴ?»

በማግስቱ ቀዮቹን አበቦች ከግድግዳው ላይ አነሳኋቸው፤ የመጥሪያውንም ጉዞ አስቀረሁ። ጌንታ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ተሸነፍን ማለት ነው?» መጀመሪያውኑ ውድድር አልነበረም አልኩት፤ ፊቱን ሳየው ግን ውድድር ያደረግሁት እኔ መሆኔ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ሂሳኖ በየቀኑ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የናጊሳን በር ከፍተው ዳቦውን በሩ ጋ ያለው አጭር የጫማ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጣሉ። አይጣሩም፣ አይገቡም። መሬቱን አይተው በሩን ይዘጋሉ። ማታ ያዩትን ጠዋት ለእኔ ይነግሩኛል።

«ትናንት የናጊሳ ቀይ ቦቲ ቦታውን ቀይሯል።»

«እና?»

«እናማ ሰው አንስቶታል። ይሂዱ፣ ሊደወል ነው።»

«እርስዎ» ማለቱ ተመልሶ ነበር። ብዙ ቀን ምንም የሚነግሩኝ አልነበረም። ቦቲው ደረቅ ነው፤ አልተነሳም። ቀን ቆጥሬ ተስፋ ስቆርጥ ደግሞ አንድ ጠዋት ሻዬን ልቀዳ ቦይለሩ ክፍል ስገባ፦

«አመድ አለበት።»

«ምኑ?»

«ቦቲው! በዚህ ከተማ በረዶ ላይ አመድ የሚበትነው ፖስታ ቤቱ ብቻ ነው። ፖስታ ቤቱ ጥግ ድረስ ሄዳለች።»

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ፖሊስ መሆን ነበረብዎት።»

«ፖሊስ ሌባ ያባርራል። ሌባ ደግሞ ይሮጣል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል።»

በዚህ ሁሉ መካከል የናጊሳ ነጭ ሸራ ጫማ ሳጥኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ነበር። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራ ጫማቸውን ወደ ቤት ወስደው ያጥባሉ፤ ሰኞ ንጹሑን ይዘው ይመጣሉ። የናጊሳን የሚወስድ የለም። እትዬ ሂሳኖ ቅዳሜ ሁሉም ሲወጣ ያወጡትና በብሩሽ ያሹታል፤ ቦይለሩ ቧንቧ ላይ ሰቅለው ያደርቁትና ሰኞ ማለዳ ይመልሱታል። ማንም አላዘዛቸውም። ጫማው ላይ የነበረው ስሟ ከእጥበት ብዛት ሲደበዝዝ በቀለም ደግመው ጻፉት፤ ፊደሎቹ ተንጋደው።

በጥር ከሌላ ከተማ የመጣ ልጅ ክፍሌ ገባ። ሳጥኖቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። ዳይሬክተሩ «የናጊሳን ለጊዜው ስጡት» አሉ። እትዬ ሂሳኖ «እሺ» ብለው ወደቡ ወረዱ፤ የዓሣ ሳጥን ተሸክመው መጥተው መደርደሪያው ጎን በምስማር መቱት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ሠላሳ ሁለተኛው ነው፣ ጌታዬ።»

«ይሸታል እኮ!»

«እዚህ ከተማ የማይሸት ማን አለ?»

አዲሱ ልጅ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ እግሩ ዓሣ ዓሣ ይል ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ሁለተኛ ስለ ሳጥን አላነሱም።

የካቲት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እትዬ ሂሳኖ መምህራኑ ማረፊያ ድረስ መጡ። ሻይ ካልያዙ እዚያ ብቅ አይሉም። በሩን ገርበብ አድርገው በእጃቸው ጠሩኝ።

«ሰጋቱራ፣» አሉ በሹክሹክታ። «ቦቲው ሥር ሰጋቱራ ተለጥፏል።»

ከአናጢው ቤት ሰጋቱራ እያመጡ ወደ ትምህርት ቤቱ በር የሚያወጣው ዳገት ላይ የሚበትኑት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ልጆቹ በረዶው እንዳያንሸራትታቸው። በከተማው ሌላ ሰጋቱራ የሚበትን የለም።

«የኛ ሰጋቱራ?»

«ታዲያ የማን! እሑድ ዕለት እዚህ በር ድረስ መጥታለች። ማንም በሌለበት።»

ካፖርቴን አነሳሁ። «አሁኑኑ ሄጄ…»

«ቁጭ በል!»

ማረፊያው ውስጥ የነበሩት መምህራን በሙሉ ዘወር አሉ። እትዬ ሂሳኖ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ ዝቅ አድርገው፦ «ብቻዋን ያገኘችውን መንገድ ሊወስዱባት ነው? ይስሙኝ። የመጣች ቀን ምንም እንዳይሉ። ‹እንኳን ደህና መጣሽ› እንኳ እንዳይሉ። ጠመኔዎ እንዳይቆም።»

መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ልጆቹ የሒሳብ ፈተና ይዘው ሳለ ጠመኔ አልቆብኝ ላመጣ ወረድኩ። ሦስት ሰዓት አልፏል። ደረጃው መካከል ስደርስ የመጥረጊያው ድምፅ ሽው ሽው ይላል። ቁልቁል አየሁና ቆምኩ።

እትዬ ሂሳኖ ተንበርክከው ይጠርጋሉ። በሩ ላይ ቀይ ቦቲ ያደረገች ልጅ ቆማለች። ለአፍታ አላወቅኋትም፤ ፀጉሯ ትከሻዋን አልፏል፣ ረዝማለች። እትዬ ሂሳኖ ቀና አላሉም። ያችኑ ቦታ ይጠርጋሉ፤ ሽው፣ ሽው። ደቂቃው ስንት እንደነበር አላውቅም።

ናጊሳ ገባች። ሳጥኗን አገኘችው። ቦቲዋን አውልቃ፣ አዙራ ከተተችው። ነጩን ሸራ ጫማ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀኝ እግሯን አስገባች። እግሯ እስከ ግማሽ ሄዶ ቆመ። ገፋች። ጣቶቿን አጥፋ ሞከረች። ተረከዟ ውጭ ቀረ። የግራውን ሞከረች፤ እሱም እንደዚያው።

«አይሆነኝም፣» አለች። ድምፅዋ ሲሰነጠቅ ከላይ ሆኜ ሰማሁት። «ጫማዬ አይሆነኝም።» እጇ ወደ ቦቲው ተመለሰ።

እትዬ ሂሳኖ መጥረጊያቸውን ጣሉት። ሲደነግጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። አመዱንና ሰጋቱራውን ያነበቡ ሴት፣ አምስት ወር ሙሉ ያን ጫማ በእጃቸው ሲያሹ፣ የልጅ እግር እንደሚያድግ አንድ ቀን አላሰቡም። እኔም አላሰብኩም። ሁላችንም የምንጠብቀው የጥቅምቷን ናጊሳ ነበር።

«ወይኔ ጉዴ!» አሉ። «አምስት ወር ሙሉ ሳጥብ! ለካ አድገሻል!»

ናጊሳ እጇን ከቦቲው ላይ ሳታነሳ ዞር አለች። «እኔ እኮ ቤት ነው የነበርኩት። ምንም አልሠራሁም።»

«ታዲያ ይሄ የማን እግር ነው? አንቺ አይደለሽ ያሳደግሽው? አንድ ሴንቲ ሙሉ! እንዲያውም ይበልጣል!» እግሯን በሁለት እጃቸው ይዘው ከጫማው ጋር ይለካሉ። «ምንም አልሠራሁም ትለኛለች! ያላደገው ይሄ ጅል ጫማ ነው። እኔም ጅል፣ ቁጭ ብዬ የጅል ጫማ አጥባለሁ።»

ከዚያ የራሳቸውን ቡናማ የጨርቅ ጫማ አወለቁና ፊቷ አስቀመጡላት። «በይ ይህን አድርጊ።»

ናጊሳ አንዱን አንስታ አሸተተችው። «ላምባ ላምባ ይሸታል።»

«ሌላም ሌላም ይሸታል። አፍንጫሽን ያዥ።»

ያን ጊዜ ሳቀች። ትንሽ፣ በአፍንጫዋ። ጫማውን አደረገችውና ቆመች።

«ክፍል ግን አልገባም።»

«ማን ክፍል ግቢ አለሽ? ቦይለሩ ላይ ድንች ጥጄያለሁ።»

አብረው ወደ ጓሮ ሄዱ። እኔ ቀስ ብዬ ወረድኩ። የናጊሳ ቀይ ቦቲ ሳጥኑ ውስጥ እንደ ድሮው ጫፉን ወደ ውጭ አድርጎ ተቀምጧል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ጎንበስ ብዬ ጫፉን ወደ ውስጥ ላዞረው እጄን ስሰድ የመጥረጊያ እጀታ እጄን መታኝ። እትዬ ሂሳኖ የጣሉትን መጥረጊያ ሊወስዱ በካልሲያቸው ተመልሰው ኖሯል።

«እጅዎን!»

«ባዞረው ይሻላል ብዬ ነው…»

«ለማን? ለእርስዎ? መውጫዋን ይተዉላት። ዛሬ የገባችው እኮ መውጣት እንደምትችል አይታ ነው።»

ያን ቀን አርባ ደቂቃ ቆይታ ሄደች። ከሰዓት በኋላ እትዬ ሂሳኖ ጫማ ቤት ላኩኝ፤ እሳቸው አሁንም በካልሲ ናቸው፣ ጫማቸውን ናጊሳ በእጇ ይዛው ሄዳለች። «ሃያ ሦስት ሴንቲ፣ ነጭ ሸራ። ስም አይጻፉበት፣ ራሷ ትጻፈው።» የውጪው በር ላይ ስደርስ ከኋላዬ ጮኹ።

«መምህር! ሃያ አራት ያድርጉት! ሁለተኛ አልሞኝም!»

በሚያዝያ ልጆቹ ስድስተኛ ክፍል ሆኑ፤ እኔም አብሬያቸው አለፍኩ። ናጊሳ አንዳንድ ቀን ትመጣለች፣ አንዳንድ ቀን አትመጣም። ስትመጣ የምትውለው ቦይለሩ ክፍል ነው፤ የቤት ሥራዋን እዚያ ትሠራለች፣ የወንበር ምስማር ትመታለች። እትዬ ሂሳኖ ስለ ክፍል አንድ ቀን አላነሱባትም። ጫማው በአንድ ሴንቲ ስለሚሰፋት ስትራመድ ጧ፣ ጧ ይላል። ኮሪደሩ ላይ ድምፁን ስንሰማ ሁላችንም እናውቀዋለን። እስከ ደረጃው መጥቶ ይመለሳል።

በግንቦት፣ አንድ ቀን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ የወንዞችን ስም ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነበር። ድምፁ ደረጃውን ወጣ። ጧ፣ ጧ። ኮሪደሩን ያዘ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ድምፁ በራችን ላይ ቆመ። ጀርባዬን ለልጆቹ ሰጥቼ ጻፍኩ። ጠመኔዬ እንዳይቆም እየለመንኩ ጻፍኩ። የማውቃቸው ወንዞች አለቁና አንዱን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። በሩ ተከፈተ። ወደ ኋላ፣ መስኮቱ ጥግ ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ዘወር ያለ ልጅ አልነበረም፤ ለእነሱ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ እገምታለሁ እንጂ።

«መምህር፣» አለ ጌንታ፣ «ያንን ወንዝ ቅድም ጽፈውታል።»

ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ።